የአቶቴ ልጆች ሳልቶውን ችለውታል፣ የቀረው ፍራሹ ነው

የሐዋሳ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ ዛሬ ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው።

አቶቴ አካባቢ ባለች አንዲት አዳራሽ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች ጅምናስቲክ ይሠራሉ። አሁን 23 ደርሰዋል። አብዛኞቹ መገልበጥ የለመዱት ሐይቁ ዳር፣ ሣር ላይ ነው። አዳራሹ ግን ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ያሉን ፍራሾች ከየቤቱ የተለቀሙ ናቸው፤ አንዱ ስፖንጅ፣ አንዱ ጥጥ፣ አንዱ ደግሞ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርድ ልብስ ቢባል ይቀላል። ባለፈው ወር አንዷ ልጅ ሳልቶ (አየር ላይ መገልበጥ) መትታ ስታርፍ ሁለት ፍራሾች ተላቀቁና እግሯ መሃላቸው ገባ። ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። እናቷ ወጌሻ ጋ ይዛት ስትሄድ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ስናገር ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «ፌዴሬሽን የለም እንዴ? እሱ አይገዛም?» እውነት ለመናገር የብሔራዊ ፌዴሬሽን ዋና ሥራ ሌላ ነው። የውድድር ሕጉን ያስከብራል፣ ዳኛና አሰልጣኝ ያሰለጥናል፣ ሻምፒዮና ያዘጋጃል፣ አገሪቱን ወክሎ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጋ ይቀርባል። ቀላል ነገር አይደለም። ያለ ፌዴሬሽን ማንም ስፖርተኛ ኦሎምፒክ አይደርስም። የጅምናስቲክ ስፖርተኛዋን ኬይሊያ ነሙርን አስታውሷት፤ ፈረንሳይ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ ከዚያው አገር ፌዴሬሽን ጋር አለመግባባት ሲፈጠር በአባቷ አገር በአልጄሪያ ስም መወዳደር ጀመረች፣ 2024 ፓሪስ ላይ በ17 ዓመቷ ወርቅ ወሰደች። በጅምናስቲክ ለአፍሪካ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ እሱ ነው። ግን የሰፈር ፍራሽ የሚገዛ ፌዴሬሽን እስካሁን አላየሁም፣ አልቀየምም። (አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ «ደብዳቤ አምጡ» ብሎ ያመላለሰን ግን ትንሽ ያስቀይማል።)

ነገሩ ሲጀመርም እንዲህ ትንሽ ነበር። ዓለም አቀፉ የጅምናስቲክ ፌዴሬሽን በ1881 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቤልጂየም ሊዬዥ ከተማ ሲቋቋም አባል አገሮቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይና ኔዘርላንድስ። ከአውሮፓ ውጭ ላሉ አገሮች በሩ የተከፈተው በ1921 ነው። የሚገርመኝ መሥራቹ ኒኮላ ኩፔሩስ ውድድር የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ እሱ የፈለገው ሰዉ ተሰብስቦ ሰውነቱን እንዲያሠራ ነው። እኔም ሜዳሊያ አልፈልግም ብል ዋሸሁ፣ ግን መጀመሪያ ልጆቹ ሳይሰበሩ ይሥሩ።

የምንፈልገው ይህን ነው። የውድድር ወለል 12 በ12 ሜትር ነው፣ እኛ 6 በ6 ይበቃናል፣ ሩቡ ማለት ነው። 36 ካሬ ይሆናል። ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ሸራ፣ ጠርዝ ለጠርዝ የሚያያዝ ማሰሪያ። አንድ ቤት አንድ ካሬ ቢይዝ 36 ቤት ጨረሰው! አንድ ካሬ የከበደው ከጎረቤቱ ጋር ይካፈል። የስፖንጅ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የሳምንቱን ዋጋ አዳራሹ በር ላይ እንለጥፋለን። ብሩን የሚይዘው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፣ እኔ ጋ አይገባም፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።

ገንዘብ የሌለው በእጁ ይርዳን። ልብስ ሰፊዎች፣ ሸራውን ስፉልን። አናጺዎች፣ ሴቶቹ ልጆች ላዩ ላይ ሚዛን ጠብቀው የሚሠሩበት፣ 5 ሜትር ርዝመት 10 ሳንቲ ስፋት ያለው ለስላሳ እንጨት ሥሩልን፤ ዋናው የውድድሩ ከመሬት 1 ሜትር ከ25 ላይ ነው የሚቆመው፣ የእኛው ግን መሬት ላይ ይቀመጥ። አሁን ሴቶቹ ልጆች በጠመኔ የተሰመረ መስመር ላይ ነው የሚለማመዱት። መስመሩን ሲረግጡ ይጠፋል፣ ትንሿ ልጅ ጠመኔዋን ይዛ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ታሰምራለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነን። መጥታችሁ እዩ፣ ጫማችሁን ግን በር ላይ አውልቁ።