ሁለት ቋንቋ በአንድ ቁጥር ሲለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከአንድ በላይ ቋንቋ ስለሚናገሩ ሰዎች የሚቀርቡ ዘገባዎች፣ በተናጋሪው ዘንድ የትኛው ቋንቋ እንደሚያመዝን በጥናት ተለካ ሲሉ፣ በምን እንደተለካ እምብዛም አይነግሩንም። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉድለት አይመስለኝም፤ ምክንያቱም አንዱ ቋንቋ ከሌላው ምን ያህል እንደሚያመዝን ማወቅ፣ ሰውየው ሁለቱን ምን ያህል እንደሚችል ማወቅ አይደለም።

በ2012 እ.ኤ.አ. በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን የታወቀ መጠይቅ እንመልከት። መጠይቁ ቋንቋው መቼና እንዴት እንደተለመደ፣ የት የት እንደሚነገር፣ ተናጋሪው ችሎታውን እንዴት እንደሚገምትና ለቋንቋው ያለውን አመለካከት ጠይቆ፣ ለእያንዳንዱ ቋንቋ እስከ 218 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያም አንዱ ነጥብ ከሌላው ይቀነሳል። ልዩነቱ ወደ 0 የቀረበ ሰው ሁለቱ ቋንቋዎቹ ተመጣጣኝ ናቸው ይባላል። እንግዲህ በሁለቱም 190 ያገኘ ሰውና በሁለቱም 90 ያገኘ ሰው፣ በችሎታ ቢራራቁም፣ እኩል 0 ይሆናሉ ማለት ነው። መጠይቁ የየቋንቋውን ነጥብ ለየብቻ ስለሚያሳይ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ልዩነቱን ብቻ ነጥሎ የሚያወራው ዘጋቢ ነው።

ለራስ የሚሰጥ ነጥብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የሚናገሩትን ቻይንኛና እንግሊዝኛ ከሚናገሩት ጋር አነጻጽሮ፣ ለራሳቸው ተመሳሳይ ነጥብ የሰጡ ሰዎች የሥዕሎችን ስም በመጥራት ፈተና ተመሳሳይ ውጤት እንደማያመጡ አሳይቷል።

ይሁንና የሥዕል ፈተናውም ቢሆን የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። በአንድ ቋንቋ ያደገችና በሌላ የተማረች ሴት የቤት ዕቃዎችን ስም በመጀመሪያው፣ የቤተ ሙከራ መሣሪያዎችን ስም ደግሞ በሁለተኛው ብቻ ልታውቅ ትችላለች። ታዲያ የትኛው ቋንቋ እንደሚያመዝን የሚወስነው ፈታኙ የመረጣቸው ሥዕሎች ይሆናሉ። የቋንቋ ሊቁ ፍራንሷ ግሮዣን ገና በ1989 እ.ኤ.አ. ባለ ሁለት ቋንቋ ሰው የሁለት ባለ አንድ ቋንቋ ሰዎች ድምር እንዳልሆነ ያሳሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለሆነም በየቋንቋው ከሚገኘው ነጥብ ጎን፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራ የታወቀው ነገር ሁሉ የሚቆጠርበት ውጤት ቢቀርብ ይሻላል፤ በተለይ ተፈታኙ ሕፃን ሲሆን፣ በአንድ ቋንቋ ብቻ ተመዝኖ ንግግሩ ዘገየ እንዳይባል።

ሦስትና አራት ቋንቋ ለሚናገሩትማ መቀነሱ ራሱ አይሠራም፤ ከየትኛው የትኛው ይቀነሳል? ዘጋቢዎቻችሁ ወደፊት የየቋንቋውን ነጥብ ለየብቻ፣ ከመለኪያው ዓይነትና ከተለካበት ዘመን ጋር እንዲያቀርቡልን እጠይቃለሁ፤ ሰው አገር ወይም ሥራ ሲለውጥ የሚያመዝነው ቋንቋም ሊለወጥ ይችላልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ