ተራው የኛ ነው፦ ለመንዝ ጓሳ የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ጥር ጓሳ ላይ፣ ሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ባለው የሣር ጥብቅ ሥፍራ፣ አንድ ሌሊት አድሬ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ከአንድ አዛውንት ጠባቂ ጋር ወጣን። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ ስንረግጠው እንደ ድርቆሽ ይንኮሻኮሻል። ሰውየው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። እግራቸው ላይ ያለው የላስቲክ ጫማ ነው። ጎኑ ተሰንጥቆ በሲባጎ ተሰፍቷል። ካልሲ የለም።

"አይበርድዎትም?" አልኳቸው።

"ለምደነዋል ልጄ። እሱን ተዪውና ወዲያ ተመልከቺ።"

ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መውጣት ጀምረዋል። ሌሊቱን የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው፤ አውሬ በማይደርስባቸው ቦታ። ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ብቅ ይሉና ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው በጣታቸው እየነጩ መብላት ይጀምራሉ። ትንሽ ቆይቶ ከመካከላቸው አንድ ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀይ ቀበሮ ነው። በመንጋው መሐል ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ቀጥ ያደርጋል። አንዲት እናት ጭላዳ ልጇን አቅፋ ከሱ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሣሯን ትነጫለች። ዞር ብላም አላየችው። ከዚያ ቀበሮው ዘለለና አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ቀበረ። ቀና ሲል አይጥ ይዟል።

ይህን እኔ አንድ ጠዋት ነው ያየሁት። ተመራማሪዎች ግን እዚሁ ጓሳ ላይ ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈውታል። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት 25ቱ ነው። በጭላዳ መንጋ መሐል ሲሆን ግን 67ቱ ይሳካለታል። ስለዚህ መንጋውን እንዳያስደነግጥ ረጋ ብሎ ነው የሚሄድ። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነክሶ ይዞ ነበር። መንጋው ተረባርቦ አስጣለውና አባረረው፤ ከዚያ በኋላም አላስጠጋውም። ጠባቂው ይህን ሲሰሙ ሳቁ። "እኛ እኮ ድሮም እናውቃለን፣ ጎረቤት ናቸው" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ገንዘብ ልለምናችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ለምን እናንተን እንደምለምን ልንገራችሁ።

የጓሳ ጥበቃ በፈረንጅ ፕሮጀክት የተጀመረ ነገር አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን አያቶቻችን ያቆሙት ሥርዓት ነው፤ ቀሮ ይባል ነበር። መሬቱ የሁለቱ የመንዝ አቅኚ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ልጆች የጋራ ይዞታ ነበር። አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። አለቃው ጓሳው ተዘግቷል ካለ ተዘጋ ነው። ሦስት ዓመትም ይሁን አምስት ዓመት ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም። ሣሩ ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ ሲጠና ይከፈታል። ያኔ ሁሉም ባንድነት ይገባል። ከዚያ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛ በዝናብ የሚለብሰው ገሳ ይሠራል። የቡሄ ጅራፍ እንኳ ከሱ ነው።

ጓሳን መጠበቅ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራው ይወጣል። ተራው ደርሶ የቀረ ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። እናቴ ልጅ ሳለች አባቷ "ዛሬ ተራዬ ነው" ብሎ ብትሩን ይዞ ገና ሳይነጋ ሲወጣ ታስታውሳለች። ስንቁን የምታቀብለው እሷ ነበረች፤ ቆሎ በአገልግል።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ቀሮም አብሮ ቀረ። መሬቱ የመንግሥት ሆነ። ተራ የሚያወጣ፣ ዝጉ የሚል ጠፋ። ያገኘ ሁሉ ያጭድ፣ ያገኘ ሁሉ ከብት ያስገባ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ግን ዝም ብለው አላዩም። ከጊዜ በኋላ ከየቀበሌው ሰው መርጠው፣ ኮሚቴ አቋቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው ጥበቃውን እንደገና አስነሡት። የአማራ ክልልም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀላቸው። ለእንግዳ ማረፊያም ሠሩ። እኔ በዚህ ነገር በጣም ነው የምኮራው። በአገራችን ስንት የፈረሰ ነገር ፈርሶ ቀርቷል፤ ይሄኛውን ባለቤቶቹ ራሳቸው አነሡት።

አሁን ግን እጅ አጥሯቸዋል። ከጎብኚ ይገኝ የነበረው ገቢ በመጀመሪያ በኮሮና፣ ኋላም በጸጥታው ችግር ተመናመነ። ጠባቂው ግን ጎብኚ ቀረ ብሎ አይቀርም። ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ አምስት እርምጃ ፊት ለፊት አይታይም። እዚያ ላይ ሰው በተቀደደ ላስቲክ ጫማ ያድራል።

እኛ በመንዝ ተወልደን አዲስ አበባና ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ነን። ነገሩ የተነሣው ለቅሶ ቤት ስንጫወት ነው። አንድ ወንድማችን "አያቶቻችን ተራቸውን ይወጡ ነበር፤ እኛስ መቼ ነው የወጣነው?" አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቱን ነው። እኛ አገር ቤት አንኖርም። ብትር ይዘን ገደል አፋፍ አንቆምም። ግን አባቶቻችን በተራቸው አንድ ቀናቸውን ይሰጡ ከነበረ፣ እኛም የአንድ ቀን ገቢያችንን መስጠት እንችላለን። የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን። የቀን ሠራተኛም ሁን፣ ሐኪም፣ ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሪ እህቴም ብትሆኚ፣ ያንቺው አንድ ቀን ይበቃል።

ገንዘቡ መጀመሪያ የሚውለው ለጠባቂዎቹ ነው። ወፍራም ካፖርት፣ የዝናብ ልብስ፣ ቆዳ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ባይኖኩላር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ አሮጌ ልብስ አትላኩ። ስስ ጃኬት ጓሳ ላይ አይረባም። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ባይኖኩላር በሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ፤ ኤርፖርት ላይ ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ተይዞ ይቀራል። ብሩን ላኩ፣ እኛ በሕጋዊ መንገድ እንገዛለን።

ሁለተኛው የውሻ ክትባት ነው። "ቀበሮ ለማዳን ውሻ መከተብ ምን አመጣው?" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ሁሉም ያሉት እኛው አገር፣ ደጋው ላይ ነው። ከዋና ጠላቶቻቸው አንዱ ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። ቀበሮዎቹ የሚያድኑት ለየብቻ ነው፤ የሚያድሩት ግን አብረው ነው፤ ጠዋት ሲገናኙም ይላላሳሉ። አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው ቤተሰቡ ሁሉ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ዌብ ሸለቆ ውስጥ በሽታው ገብቶ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። ወደ ሌላው ሸለቆ እንዳይዛመት ያገደው በአካባቢው የቀሩትን ቀበሮዎች በፍጥነት መከተብ ነው።

ከመንደር ውሾች ከ10 ሰባቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ችግሩ ቡችላ በየዓመቱ ይወለዳል፤ አምና የተከተበውም ይሞታል። ስለዚህ ዘንድሮ ከትበን ለከርሞ ብንተወው ልፋታችን ከንቱ ነው። በየዓመቱ መደገም አለበት። ውሻው ሲከተብ የሚድነው ቀበሮው ብቻ አይደለም። ከብቱም፣ በጉን ይዞ ሜዳ የሚውለው ሕፃንም ይድናል። የመንደሬ ሰዎች ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሲሞት አይተዋል። ስለዚህ የክትባት ቀን ሲነገር ውሻቸውን በገመድ እየጎተቱ ራሳቸው ይመጣሉ። ልመና አያስፈልጋቸውም፣ መድኃኒቱ ብቻ ይድረስ።

የተረፈ ገንዘብ ካለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንገዛበታለን፤ ጓሳው ዳር ላሉ ቤቶች። ማገዶ ባነሰ ቁጥር ቁጥቋጦው ይተርፋል።

እና ደግሞ ውኃው አለ። ጓሳው ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከዚያ የሚነሡት ምንጮች ባንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። መንዝን ረግጦ የማያውቅ ሰውም፣ ቆላ ወርዶ በመስኖ የሚያለማው ሰውም፣ ከዚህ ሣር ድርሻ አለው። ስለዚህ ጥሪው ለመንዜ ብቻ ነው ብሎ ማንም እንዳይቀር።

የገንዘቡን አያያዝ በተመለከተ፦ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ አንዱ እዚያው መንዝ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ዕቃ ሲገዛ ደረሰኙን ፎቶ አንሥተን ለሰጡት ሁሉ እንልካለን። ጫማው ጠባቂዎቹ እግር ላይ ሲገባም ታዩታላችሁ። ለእኛ ለአስተባባሪዎቹ ትራንስፖርትም አበልም አይከፈልም፤ ከኪሳችን ነው። የባንክ ቁጥሩን ይህን ጥሪ ካደረሳችሁ የዕድራችሁ ሰብሳቢ ውሰዱ። ከማታውቁት ሰው የተላከላችሁን ቁጥር አትመኑ።

መዋጮውን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ብናገኘው ከጥምቀት በኋላ ክትባቱን እንጀምራለን፤ ያኔ መንገዱ ደርቆ መኪና ይገባል። ካፖርቱና ጫማው ግን ሳይውል ሳያድር የሚገዛ ነው፤ ብርዱ አሁን ነው ያለው።

ስትልኩ ስማችሁንና የአያታችሁን ደብር ጻፉልን። ከሌላ አገር የሆናችሁ አገራችሁን ጻፉ። መዝገቡን እንደ ድሮው ተራ በየደብሩ ነው የምንይዘው፤ እኚያ ጠባቂ ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች።