ወንበሩ ተገኘ! እግዜር ይስጥልኝ

ስቶክሆልምም አዲስ አበባም ያላችሁ ቤተሰቦቼና ጓደኞቼ፣ እንግዲህ ከአንድ የራሊ (የመኪና ውድድር) ቡድን ጋር ፈርሜያለሁ፤ የሾፌሩ ወንበር የኔ ሆነ። ዘንድሮ ሙሉውን ሲዝን በራሊ2 መኪና እነዳለሁ። ጣሪያው አይደለም፤ እነቶዮታና ሃዩንዳይ ከሚወዳደሩበት ከራሊ1 አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። እዚህ ለመድረስ ምን እንዳየሁ ግን ታውቃላችሁና አልደግመውም። አንዱ ቡድን እሺ ካለኝ በኋላ ወንበሩን ገንዘብ ይዞ ለመጣ ልጅ የሰጠ ጊዜ፣ በየቀኑ ስትደውሉልኝ የነበራችሁት እናንተው ናችሁ።

ከሁሉም በፊት እትዬ። ስሜን እንዳትጠራ ብለው አስምለውኛል፣ አልጠራም፤ እንጀራቸውን የበላ ሁሉ ግን ያውቃቸዋል። ሰው ስለ ራሊ ሲያወራ ስለ ችሎታ ነው የሚያወራው። ችሎታማ ብቻውን የት ይደርሳል! አንድ ራሊ2 መኪና ከ200 ሺህ ዩሮ በላይ ነው፣ ያውም ጎማው፣ መለዋወጫው፣ የመካኒኩ ደሞዝ ሳይቆጠር፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠየቀው ምን ያህል ትፈጥናለህ ሳይሆን ስንት ይዘህ መጣህ ነው። እትዬ የጎደለኝን የሰሙት ቤታቸው ቡና እየጠጣን እናቴ ስታወራ ነው። ምንም አላሉም። ዕቁቡ የወጣላቸው ዕለት ማታ ስልኬ ጮኸ፤ ሳየው በስዊሽ፣ በስዊድን የስልክ ገንዘብ መላኪያ፣ የገባ ገንዘብ ነው፣ ከሥሩ "ለጎማ" ብለው ጽፈዋል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ያ ዕቁብ ለአዲስ ምጣድ የታሰበ ነበር። የአሮጌው ምጣድ አንዱ ጎን አይግልም። እንጀራው በዚያ በኩል ዓይን አያወጣም፣ እሳቸውም ለደንበኛ አይሰጡትም፣ ራሳቸው ይበሉታል። ይኼን እያወቅኩ እንዴት ዝም ልበል? ገንዘቡን ልመልስ ብሄድ በር ላይ ተቆጡኝ። "ምጣዱ ይጠብቃል፣ አንተን ግን ማን ይጠብቅሃል?" አሉኝ። ይቅርታ፣ አሁንም ይኼን ስጽፍ እንባዬ እያስቸገረኝ ነው።

ደግሞ መጡ እኮ! ሰሜን ስዊድን ኡሜዮ ድረስ፣ ለበረዶው ሙከራ፣ ነጠላቸውን ከጃኬት በላይ ደርበው። ጎማውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። በአንድ ጎማ ላይ በረዶውን እንዲቆነጥጥ ወደ 400 የሚጠጋ ሚስማር አለ ስላቸው፣ "እኛ አገር ሚስማር ሲወጋው ጎሚስታ ጋ እንሮጣለን፣ እናንተ ከፍላችሁ ታስመታላችሁ?" አሉ። ስተረጉምላቸው መካኒኮቹ በሳቅ ሞቱ። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ውለታዎን መክፈል አልችልም፤ ምጣዱን ግን አዝዣለሁና እምቢ እንዳይሉኝ።

ወንድሜ፣ አንተም አለህበት። ልተወው ስል የራሊ ሾፌሩን የኦሊቨር ሶልበርግን ነገር ያነሳህብኝ አንተ ነህ። ልጁ በ2022 መጨረሻ የሃዩንዳይ ወንበሩን አጣ፣ ወርዶ ራሊ2 ነዳ፣ በ2025 ቶዮታ ለአንድ ውድድር ብሎ ኢስቶኒያ ላይ መኪና ቢሰጠው አሸንፎ ቁጭ አለ፤ ለ2026 ቋሚ ወንበር ሰጡት። እኔ ደግሞ "የሱ አባት ፔተር የ2003 የዓለም ሻምፒዮን ነው፣ የኛ አባት ታክሲ ነው የሚነዳው" ብዬ ተከራከርኩህ። "ታዲያ ሁለቱም ሾፌር አይደሉ?" አልከኝ። አባዬ እስከ ዛሬ ይኼን እያነሳ ይኮራል።

የአባዬ የታክሲ ጓደኞች፣ የማኅበሩ እናቶች፣ ቲሸርት የገዛችሁ፣ ጋራዥ ውስጥ በነጻ ያመሻችሁ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ናቪጌተሬ (አጠገቤ ተቀምጦ መንገዱን የሚነግረኝ) አማርኛ ስለማያነብ ለሱ በስዊድንኛ ለብቻው ጽፌለታለሁ። ስሙ የቀረ ካለ እባካችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ሌሊት ነው የምጽፈው፣ ጭንቅላቴም አልተረጋጋም፤ ደውላችሁ ስደቡኝ፣ እጨምራለሁ።

የመጀመሪያው ውድድር ቀን እንደታወቀ አሳውቃችኋለሁ። የምትመጡ፣ ወፍራም ጫማ አድርጉ። ለፎቶ ብላችሁ ደግሞ መታጠፊያው ውጪ በኩል እንዳትቆሙ፤ መኪናው ሲንሸራተት የሚሄደው ወደዚያ ነው።