ሳል የሌለው ቲቢ፦ ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቲቢ የያዛቸውን ነዋሪዎች፣ በተለይም የከተማዋ መታወቂያ የሌላቸውን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ጉለሌ የምኖር ሰው ነኝ። ቲቢ ይዞኝ ነበር። የያዘኝ አከርካሪዬን ነው። አንድም ቀን አላሳለኝም። መድኃኒቱን 12 ወር ሙሉ ወስጄ ጨርሻለሁ፤ ዛሬ ተመስገን ደህና ነኝ። የምጽፍላችሁ ግን አብሮኝ ሲታከም በነበረ አንድ ልጅ ምክንያት ነው። በሽታችን አንድ ነበር። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራ ጠብቀናል። ሌላው ነገራችን ሁሉ ለየቅል ሆነ።

ክስ እያቀረብኩ አይደለም፤ የየትኛውንም ጤና ጣቢያ ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ስለ ስሙ ላንሳ። በእኛ ቋንቋ በሽታው «ሳንባ ነቀርሳ» ነው። ስሙ ራሱ ሳንባ ውስጥ ቆልፎበታል። ወገቡን ያመመው ሰው «ሳንባ ነቀርሳ ነው» ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሐኪሙን ነው። «የአጥንት ነቀርሳ» ሲባል ደግሞ ካንሰር ይመስለዋል። እናቴ እንደዚያ መስሏት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በየዓመቱ መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ሲከበር የሚለጠፈውን ፖስተር ተመልከቱት። አፉን ሸፍኖ የሚያስል ሰው ነው። ወገቡን ይዞ የጎበጠ ሰው የተሳለበት ፖስተር እኔ አላየሁም።

በሽታው ግን አዲስ አይደለም። በ1779 እ.ኤ.አ. ፐርሲቫል ፖት የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ስለ አከርካሪው ዓይነት ስለጻፈ፣ ሐኪሞች እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠሩታል። ከፖት በሺህ ዓመታት ቀድመው የሞቱ የግብፅ ሙሚዎች አከርካሪ ላይም ምልክቱ ተገኝቷል። ተህዋሲው በትንፋሽ ይገባና በደም ተጉዞ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ ዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ሰውነት ሲደክም፣ ምግብ ሲያንስ፣ ሌላ በሽታ ሲደረብ ይነሳል። ከአጥንትና ከመገጣጠሚያ ቲቢ ግማሽ ያህሉ አከርካሪ ላይ ነው፤ ከዚያ ዳሌና ጉልበት ይከተላሉ። በዓለም ደረጃ ከሳንባ ውጪ የሆነ ቲቢ ከስድስት ታማሚ አንዱን ገደማ ነው የሚይዘው። በኢትዮጵያ ግን ወደ ሲሶው ይጠጋል። ከዚያ ውስጥ የአጥንቱ ድርሻ ትንሽ ነው። ትንሽ ቢሆንም ሰው ሽባ ያደርጋል።

እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ወገቤን ሲያመኝ ሁሉም «ዲስክ ነው» አለኝ። በዚህ ከተማ ወገቡን ያመመው ሁሉ ዲስክ ነው! ሌሊት እያላበኝ አንሶላ እቀይር ነበር፤ ሱሪዬ እየሰፋኝ ነበር። አክታ ስጥ ተባልኩ፣ አክታ የለኝም። የደረት ራጅ ተነሳሁ፣ ንጹህ ነው ተባለ። የወገብ ራጅም ያን ጊዜ ምንም አላሳየም፤ አጥንቱ ብዙ ካልተበላ ራጅ ላይ አይታይም። በአምስተኛው ወር አንዲት ወጣት ሐኪም የጀርባዬን አጥንቶች አንድ በአንድ በጣቷ እየነካካች ወረደች። አንዱ ጋ ስትደርስ ጮህኩ። ኤምአርአይ አዘዘችልኝ። የመንግሥቱ ወረፋ ሩቅ ስለነበር ወንድሞቼ አዋጥተው የግል ቦታ ተነሳሁ። ከዚያ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ታየና ነገሩ ለየለት።

ልጁን ያገኘሁት መድኃኒት ስጀምር ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከወሎ፣ ከደላንታ የመጣ። ሕንጻ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል፣ በሚሞላበት ቀን ከአንድ ጓደኛው ጋር ባሬላ ይዞ አርማታ ያመላልሳል። የመጣውም በባሬላ ነው። እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት ጓደኞቹ አርማታ በሚሸከሙበት በዚያው ባሬላ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ አደረሱት። ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ልጅ አልሸሸገም። ለፎርማኑ ተናገረ፤ «ከባድ ስታነሳ ነው» አለው። መድኃኒት ቤት ሄዶ ተናገረ፤ ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ ሸጡለት። ወጌሻ ጋ ሄደ፤ አሸው። ወጌሻ አልንቅም፣ ስንቱን ስብራት ያቃና ሙያ ነው። ግን ቲቢ የበላው አከርካሪ ሲታሽ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጤና ጣቢያም ሄዶ ነበር። ሳል አለብህ? ተባለ። የለም አለ። በቃ።

የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ይህን አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን ነጻ የሆነው መድኃኒቱ ነው። በሽታው ቲቢ መሆኑን ማወቂያው ነጻ አይደለም። አክታ ያለው ሰው እዚያው ይመረመራል። አክታ የሌለው ሰው በራጅ፣ በደም ምርመራ፣ በኤምአርአይ፣ በናሙና በኩል ሲያልፍ ደረሰኝ በደረሰኝ ላይ ይቆለልበታል። እኔ የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር አለኝ፣ ወንድሞችም አሉኝ። እሱ መድን ልግባ ቢል በወረዳ፣ በቤተሰብ ነው የሚመዘገበው። ወረዳው መታወቂያ ይለዋል። ለመታወቂያ ከደላንታ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛውን ይዞ ቢመጣም ቤቱ ላይ የሚያስመዘግበው ሰው ይፈለጋል። ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ለሚያድሩ ልጆች የትኛው አከራይ ነው ፊርማውን የሚያኖር? የነጻ ሕክምና ወረቀት ሲጠይቅም «ከመጣህበት አምጣ» ተባለ። መራመድ ለማይችል ሰው!

የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ግን ነበረው። ባንክ በፋይዳ አካውንት ይከፍትልሃል። ጤና መድን ለምን በፋይዳ አይመዘግበውም? ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ተቀበሉ ብባል ይህን እመርጣለሁ። እሱ የማይቻል ከሆነ ደግሞ፣ ሐኪም ቲቢ ጠርጥሮ ያዘዘው ምርመራ የመታወቂያ ጥያቄ ሳይነሳ እንዲሠራ አድርጉ።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። በአጥንት ቲቢ መጀመሪያ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 10 ወር ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። እኔ ቤት ሆኖ የሚከታተለኝ ሰው ስላስመዘገብኩ የሳምንቱን ይዤ እሄድ ነበር። እሱ ተጠሪ የለውም፤ በየቀኑ መጥቶ ፊት ለፊት መዋጥ ነበረበት። ክፍሉ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቀን ሠራተኛ የሚመረጠው ደግሞ ገና 12 ሰዓት ላይ ነው። በሁለተኛው ወር እግሩ ሲጠናለት ቀላል ሥራ ፈልጎ ነበር፤ መድኃኒቱን ካገኘ የቀን ውሎውን ያጣል፣ ውሎውን ከያዘ መድኃኒቱ ያመልጠዋል። የቲቢ ክፍል በሳምንት ሦስት ቀን እንኳ 12 ሰዓት ላይ ቢከፈት ስንት ሰው እንደሚተርፍ አስቡ። ወይም የሥራ ጓደኛ እንደ ተጠሪ ይቆጠር። በባሬላ የተሸከሙት ልጆች መድኃኒት ማስዋጥ ያቅታቸዋል?

አንድ ቀን ጠዋት ፊቱ አመድ መስሎ አገኘሁት። ሽንቱ ቀይ ሆኖበት ኩላሊቴ አለቀ ብሎ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሯል። ከምንውጣቸው መድኃኒቶች የአንዱ፣ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፣ የኔም እንደዚያው ነው አልኩት። ማንም አልነገረውም ነበር። ወይም ተነግሮታል፣ በጥድፊያ አልሰማም። የአጥንት ቲቢ ብቻውን ሆኖ ሳንባው ካልተያዘ ወደ ሌላ ሰው እንደማይተላለፍም አያውቅም ነበር፤ አከራዩም አታውቅም። ፍራሹን በረንዳ ላይ አውጥታ ጠበቀችው። እሷን አልረግምም። የምታውቀው ያንን የሚያስለውን ፖስተር ነው።

በዚህ አጋጣሚ «ቲቢን ገጠሬው ነው ያመጣብን» የሚል ወሬ ሰልችቶኛል። እኔ ከዚህ ከተማ ወጥቼ አላውቅም፤ ያዘኝ። የዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ተህዋሲውን በሰውነቱ ይዞ እንደሚኖር ይገመታል። ብዙው ሰው አይታመምም። የሚታመመው ሳይበላ የሚሸከመውና መስኮት በሌለው ክፍል ተደራርቦ የሚተኛው ይበዛል። ያን ክፍል የምታከራየው ደላንታ አይደለችም።

የጠየቅሁት አበዛሁ መሰለኝ። ሁለት ልጨምርና ልተዋችሁ። በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል «እዚህ ከተማ ስንት ጊዜህ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ይግባ፤ ነባሩና መጤው ስንት ወር ዘግይቶ እንደሚደርስ ያን ጊዜ ከመዝገባችሁ ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ የወገብ ወይም የመገጣጠሚያ ህመሙ ሳምንታት የቆየ፣ የሚከሳና ሌሊት የሚያልበው ሰው ሲመጣ፣ ሳል ባይኖረውም ቲቢ ይታሰብ። ያቺ ሐኪም ያደረገችው ጀርባን በጣት መነካካት ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ልጁ በአራተኛው ወር ቀረ። ስልኩ አይሠራም። ጓደኞቹን ጠየቅሁ፤ ለበዓል አገሩ ገብቶ እንደሆነ እንጂ ሌላ የሚያውቁት የለም። ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የመዘዋወሪያ ወረቀት አልወሰደም። በመዝገቡ ላይ «ሕክምና ያቋረጠ» ተብሎ ተጽፏል። ስምንት ወር ይቀረዋል። ደላንታ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ደውሎ መድኃኒቱን እዚያ ጀምሮ እንደሆነ የሚያጣራልኝ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ለብቻ እሰጣለሁ። እኔ ደውዬ ነበር፤ ዘመዱ ካልሆንክ አንናገርም አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ዘመዱ አይደለሁም።

ከሰላምታ ጋር

የጉለሌ ነዋሪ

ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር