መዝገቡ ሁለት ሲሆን

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰኔ ገብቷል። በየድርጅቱ ያለን የሂሳብ ሠራተኞች ዓመቱን ለመዝጋት ሽር ጉድ የምንልበት ወር ነው። በዚሁ ወር ብዙ ቦርዶች ፊት አንድ ጥያቄ ይቀርባል። «የሂሳብ ሶፍትዌራችንን እንቀይር ወይስ እንቆይ?» የሚያሳዝነኝ፣ ጥያቄውን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስኑት ሂሳብ ዘግተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ አገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ያየሁትን በጋዜጣችሁ በኩል ላካፍል።

እንደ ብዙዎቹ እኛም የምንሠራው ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ነው። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ካለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት የምንከፍተው ፒችትሪ 2010ን ነው። የተጫነበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው በጥር 2012 ነው። ላዩ ላይ «እንዳትነኩት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አንድ ቀን መብራት ድንገት ጠፍቶ የሦስት ሳምንት ቫውቸር (የሂሳብ ሰነድ) እንደገና ያስገባነው በእሱ ላይ ነው። ያም ሆኖ ፒችትሪን አላማም። ፕሮጀክቶቹን «ጆብ» በሚለው ክፍል እየለየን፣ ሁለት ለጋሽ በነበረን ጊዜ ሁሉን ነገር በወጉ ይዞልናል። ሶፍትዌር አረጀ ተብሎ ብቻ አይቀየርም።

ታዲያ ጊዜው መድረሱ በምን ይታወቃል? እኔ የገባኝ ኦዲተር ፊት ቁጭ ብዬ ነው። የአንዱን ፕሮጀክት ሌጀር (ዝርዝር የሂሳብ መዝገብ) ከፒችትሪ አትሜ ሰጠሁት። አገላብጦ ከለጋሹ ሪፖርት ጋር ሲያስተያየው አልገጠመም። እኔም ሳላስበው «ትክክለኛው እኮ ኤክሴሉ ላይ ነው ያለው» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ታዲያ ይሄ ምንድነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኤክሴል ራሱ ችግር አይደለም። ደመወዝ በኤክሴል አስልቶ ድምሩን በአንድ ጄቪ (ጆርናል ቫውቸር በሚባለው የመመዝገቢያ ሰነድ) ወደ መዝገቡ ማስገባት የሁላችንም ሥራ ነው። በ2017 የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ ቀመሩን ቀየርን፣ ሥራው ቀጠለ። ያ ፋይል መዝገቡን ይመግበዋል። አደጋ የሚሆነው መዝገቡን የሚቃረን ፋይል ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚያምነው ኤክሴሉን ከሆነ፣ ለለጋሹ የሚላከውም ከኤክሴሉ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ለወጉ ያህል ብቻ የሚሞላ ከሆነ፣ ድርጅቱ ሁለት መዝገብ አለው ማለት ነው። አንዱ ደግሞ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ነው። ያ ሰው ቢታመም ወይም ሥራ ቢለቅስ?

ይህ በጣም የጎዳን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው። ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፒችትሪ የሚይዘው አንድ ገንዘብ ብቻ ስለሆነ ወደ ዶላር የምንመልሰው ኤክሴል ላይ ነው። ብዙ ለጋሾች ደግሞ ወጪው ገንዘቡ በገባበት ምንዛሪ ተሰልቶ እንዲቀርብላቸው ይፈልጋሉ። እስቲ ተመልከቱት። በ57 ብር ከተመነዘረ ገንዘብ 570,000 ብር ብታወጡ 10,000 ዶላር ነው። በስህተት በ100 ብር ካሰላችሁት 5,700 ዶላር ይሆናል። 4,300 ዶላር ያልወጣ መስሎ ይታያል፤ ባንክ ስትሄዱ ግን የለም። እኔ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ ቀመር ከላይ እስከ ታች ስጎትተው የድሮውንም የአዲሱንም ወር በአንድ ምንዛሪ አሰላው። ያገኘሁት ሪፖርቱ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በየወጪው ምንዛሪውን የሚይዝ ሲስተም ቢኖረን ያን ሌሊት ቢሮ ባላደርኩ ነበር።

በጥር 2017 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት አቆመ። ትእዛዙ የተፈረመው በጥምቀት ማግስት ነው። በቀናት ውስጥ ለብዙ ድርጅቶች ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ ደረሰ። እኛ በቀጥታ ባንነካም በአካባቢያችን ያሉ ባልደረቦቼ የተጠየቁትን ሰምቻለሁ፦ እስከ ዛሬ ስንት አወጣችሁ? ውል ገብታችሁ ያልከፈላችሁት ስንት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልሱ በማግስቱ መገኘት አለበት። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ከሁለት ሳምንት በታች አይወጣም ነበር። አሁንም የፕሮግራም ኃላፊዋ የቢሮዬ በር ላይ ቆማ «ወንድሜ፣ ከዚህ ፕሮጀክት ስንት ቀረን?» ስትለኝ የምመልሰው «እስከ ሐሙስ ታገሺኝ» ነው። እስከ ሐሙስ ደግሞ እሷ የትምህርት ቁሳቁስ ትግዛ አትግዛ አታውቅም። ልጆቹ ይጠብቃሉ። ለዚህ ነው ነገሩ የሂሳብ ክፍል ጣጣ ብቻ ያልሆነው።

ይህን ስል ሁሉም ሮጦ ይግዛ ማለቴ አይደለም። አንድ የማውቀው ድርጅት ትልቅ ሲስተም አስገባ። ችግሩ ግን የመስክ ሠራተኞች የወሰዱትን ቅድሚያ ክፍያ ለስድስት ወር አለማወራረዳቸው ነበር። ደረሰኙ በቦርሳ እየዞረ ሲስተሙ ምን ይመዝግብ? ዛሬም ያው ያልተወራረደ ሂሳብ አለ፣ የሚታየው ግን ባማረ ስክሪን ነው። የሂሳብ መደቦቹ (ገቢና ወጪ በየዓይነቱ የሚለይባቸው ርዕሶች) ዝርዝር የተዘበራረቀ ከሆነም መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ዝርክርኩን ይዞ ወደ አዲስ ቤት መግባት ትርፉ ድካም ነው።

ሌላው የምሰማው ስጋት የወጪው ነው። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ሥራ አስኪያጆች ይህን ጣራ ስለሚፈሩ የሶፍትዌር ነገር ሲነሳ «ዘንድሮ ይለፈን» ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን ያው አዋጅ በጀት ዓመቱ ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርት ይፈልጋል። ያንን ለማድረስ በየክረምቱ የምናወጣው የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከዚያው 20 በመቶ ውስጥ ነው። ለጋሾችንም አንድ ነገር ልለምን። ሪፖርቱን በየሦስት ወሩ፣ በዶላር፣ በራሳችሁ ቅጽ፣ በራሳችሁ ዘመን አቆጣጠር ትጠይቁናላችሁ። የእኛ ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የእናንተ ጃንዋሪ 1። ይህን ሁሉ የሚያወጣ ሲስተም የሚገዛበት መስመር ግን በጀቱ ላይ ስናስገባ ትሰርዙታላችሁ። እባካችሁ አትሰርዙት።

የምትገዙ ደግሞ አገራችሁን አይታችሁ ግዙ። ሻጮች በኢንተርኔት የሚሠራውን ያሳያሉ፣ እውነትም ያምራል። ነገር ግን በነሐሴ 2015 በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ በምን እንደሠራን አልረሳሁም። በየወሩ በዶላር የሚከፈል ከሆነም ዶላሩ ከየት ይመጣል? ኢንተርኔት ሳይኖር የሚመዘግብ፣ ብርና ዶላርን ጎን ለጎን የሚይዝ፣ የቤት ኪራዩንና የጥበቃውን ደመወዝ ለአምስት ለጋሽ አካፍሎ የሚጽፍ፣ ዳታችሁን በፈለጋችሁ ጊዜ የምታወጡበት ይሁን። ሻጩ በራሱ ምሳሌ እንዲያሳያችሁ አትፍቀዱ። የራሳችሁን ያለፈ ወር ቫውቸሮች ስጡትና ከዚያ ሪፖርት ያውጣላችሁ። ለውጡ ሐምሌ 1 ላይ ይሁን እንጂ በዓመቱ መሀል አይሁን። ሦስት ወር ያህል ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ግድ ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ከአሮጌው በተሻገረው መክፈቻ ሂሳብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር የሚገኘው ያኔ ነው። አሮጌውን ኮምፒውተርም አትጣሉት። ኦዲተር የኋላ ዓመት ይጠይቃል።

ሥራ አስኪያጆችና የቦርድ አባላት፣ ሻጭ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ቀን ከሂሳብ ሠራተኛችሁ አጠገብ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። «ከሶፍትዌሩ ውጭ የያዝከውን ፋይል ሁሉ ክፈትልኝ» በሉት። እየቆጠራችሁ እዩ፤ ሳይፈራ እንዲያሳያችሁም ቃል ግቡለት። ብዙዎቻችን እነዚያን ፋይሎች የደበቅነው ሰነፍ እንዳንባል ነው።

የእኛ ቦርድ በሚቀጥለው ሳምንት ይሰበሰባል። ሰብሳቢያችን አባታችን የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ እኛ በወፍራም መዝገብ እየጻፍን ነበር የሠራነው፣ ምን ጎደለ?» ማለታቸው አይቀርም። በዚያ መዝገብ ውስጥ ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ነበር፣ ጋሼ፤ እኔ የምፈልገው ያንኑ ነው እላቸዋለሁ። ከዚያ ላፕቶፔን ከፍቼ እነዚያን አሥራ አንድ ፋይሎች አሳያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከደሴ