የቅዳሜው ውይይት፦ ዳርቫዛ እና የበረሃው ጋዝ

ሰላም የንባብ ቡድናችን አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደብረ ብርሃን፣ በተለመደው የንባብ ክፍላችን ስለ ዳርቫዛ እንወያያለን። ዳርቫዛ በቱርክሜኒስታን ካራኩም በረሃ መሃል፣ ከዋና ከተማው ከአሽጋባት በስተሰሜን 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የነበረች መንደር ናት። አጠገቧ የተፈጥሮ ጋዝ ለአሥርት ዓመታት ሲነድበት የኖረ፣ 70 ሜትር ያህል ስፋትና 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ።

ዓለም የሚያውቀው እሳቱን ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የነዋሪዎቹ ዕጣ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በፕሬዝዳንት ሳፓርሙራት ኒያዞቭ ትእዛዝ መንደሯ ፈርሳ ሰዎቹ ተነሡ። ጋዝ ባለበት ምድር የሚኖር ሕዝብ ምን ይደርሰዋል? ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ኦጋዴን ውስጥ ካሉብና ሂላላ የሚባሉ የተፈጥሮ ጋዝ ቦታዎች አሉ።

ስለ ካሉብ አጭር ገለጻ የሚያቀርብ አንድ ሰው እንፈልጋለን፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ እስከ ረቡዕ ማታ አሳውቁኝ። የእስያ ካርታ ያለበት አትላስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢ ወይም ወፍራም ልብስ ደርቡ።

ወንበር መዋስ ስላለብን፣ መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ እዚሁ ጻፉልን።