የዊልቸር ምልክት ያለባት ክፍል ባዶ፣ ደረቅና ክፍት ትሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት በተሠሩ መንገዶች ዳር፣ በገበያ ማዕከላት፣ በሆስፒታሎችና በባንክ ሕንፃዎች የዊልቸር ምልክት የተለጠፈባቸው የመጸዳጃ ክፍሎች እየበዙ መጥተዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ክፍሉ ከተሠራ በኋላ ግን ለተሠራለት ሰው መዋሉ በየዕለቱ በተገልጋዩ፣ በጽዳት ሠራተኛው፣ በጥበቃውና በሕንፃ አስተዳዳሪው እጅ ነው። እኛ በአካል ተሐድሶ ሕክምናና በሕንፃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ስለዚህ አጠቃቀም የምናውቀውን ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ይህችን ደብዳቤ ጽፈናል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበትም ሕንፃ በቂ ቁጥር ያላቸው ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አዋጁ የሚናገረው ግን ስለ ግንባታው ነው። ማን ይቅደም፣ ውስጧ ምን ይቀመጥ፣ ቁልፏ በማን እጅ ይሁን የሚለው ለይሉኝታችን የተተወ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ነገሩን ሳያውቁት አይመጣም።

ክፍሏ ለምን እንደሰፋች እንናገር። በዊልቸር የሚሄድ ሰው በሩን አልፎ ለመግባት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር የጠራ ስፋት ይፈልጋል፤ 90 ቢሆን ይመረጣል። ውስጥ ገብቶ ለመዞር 150 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ባዶ ወለል ያስፈልገዋል። ከዚያ ዊልቸሩን ከመጸዳጃው መቀመጫ ጎን አስጠግቶ ፍሬኑን ይይዛል፤ የእግር ማሳረፊያውንና በመቀመጫው በኩል ያለውን የክንድ ማሳረፊያ ያነሳል፤ አንድ እጁን ዊልቸሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ባለው ብረት ላይ አድርጎ ክብደቱን በሁለት ክንዱ ያነሳና ወደ ጎን ይሻገራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከመቀመጫው ጎን 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ካለ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰው ክፍሏን ከፍቶ ሲያይ «ትርፍ ቦታ» የሚመስለው ይኸው ነው። ስለዚህ የቆሻሻ ቅርጫቱ እዚያ ይቀመጣል። ቀጥሎ ባልዲው፣ መወልወያው፣ የበረኪና ጀሪካኑ፣ አንዳንዴም የተሰበረ ወንበር ይከተላሉ። በእኛ ግምት ለእነዚህ ክፍሎች ከማናቸውም በላይ ችግር የሆነው ይህ ነው። ክራንች የያዘ ሰው ቅርጫቱን በክራንቹ ገፍቶ ሊገባ ይችላል፤ በዊልቸር ያለው ግን ጎንበስ ብሎ ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ሊያነሳ አይችልም፣ ተመልሶ ይሄዳል። የጽዳት ሠራተኞችን ብቻ መውቀስም ተገቢ አይደለም። ብዙ ሕንፃ ለእነሱ ዕቃ የሚሆን ቁም ሣጥን እንኳን ሳያዘጋጅ «እዚያው አስቀምጡት» ይላቸዋል። አስተዳዳሪው መጀመሪያ ለባልዲው ቦታ ይፈልግለት። የቆሻሻ ቅርጫቱ ደግሞ ትንሽ ይሁንና መታጠቢያው ሥር ሳይሆን ከበሩ ማጠፊያ በኩል ባለው ጥግ ይቀመጥ፤ መታጠቢያው ሥር ከሆነ ጉልበት የሚገባበትን ቦታ ይዘጋል።

የውኃው ነገር የእኛው አገር ጉዳይ ነው። ቧንቧው ሲቋረጥ ወለሉ ላይ በርሜልና ጆግ ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ በጆግ ሲቀዳና ሲለቅ ወለሉ ይረጥባል። ረጥቦ የቆየ ሴራሚክ ላይ የክራንች ጎማ እንደ በረዶ ይንሸራተታል፤ በተለይ ጎማው አልቆ ሲለሰልስ። መፍትሔው ውድ አይደለም። ቧንቧ ያለው ትንሽ የውኃ ማጠራቀሚያ ከወለሉ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከመቀመጫው እጅ በሚደርስበት ርቀት መስቀል ይበቃል። ተጠቃሚውም ሲወጣ የፈሰሰውን መጥረግ ባይችል ለጽዳት ሠራተኛዋ «ወለሉ ረጥቧል» ብሎ መንገር ይችላል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነው።

ሌላው መቀመጫው ላይ በጫማ መውጣት ነው። ቁጢጥ ማለት የለመደ ሰው፣ ወይም ንጽሕናው ያስጠላው ሰው፣ ጫፉ ላይ ወጥቶ ይቆማል። የፕላስቲኩ መቀመጫ የሚያያዝባቸው ሁለት ቡሎኖች እንዲህ ያለ ክብደት በአንድ ጎን ሲያርፍባቸው ይላላሉ። ሌላው ተጠቃሚ መላላቱን ላያስተውለው ይችላል፤ ቀጥ ብሎ ስለሚቀመጥ። ከዊልቸር ወደ ጎን የሚሻገረው ሰው ግን ክብደቱን የሚጥለው በትክክል በዚያው በላላው አቅጣጫ ነው፤ መቀመጫው ተንሸራቶ ወለል ላይ ይጥለዋል። እግሩ ስሜት የሌለው ሰው ሲወድቅ አጥንቱ መሰበሩን እንኳን ወዲያው ላያውቅ ይችላል። መቀመጥ የሚጸየፍ ሰው ሶፍት አንጥፎ ይቀመጥ፣ ወይም ቁጢጥ የሚባልበት ክፍል ይጠቀም።

መደገፊያ ብረቱም እንዲሁ ፎጣ፣ ቦርሳና እርጥብ መወልወያ ሲሰቀልበት ይውላል። ተጠቃሚው ሲይዘው እርጥብ ወይም ቆሻሻ ከሆነ እጁ ይንሸራተታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አተካከሉ ነው። ባዶ ልብ ባለው ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር (ቡሎን በሚያስይዝ ፕላስቲክ) የታሰረ ብረት ለጥቂት ወራት ጥሩ መስሎ ይቆይና አንድ ቀን ከነልስኑ ተነቅሎ ይመጣል። ብሎኬቱ ውስጡ በኮንክሪት መሞላት፣ ወይም ቡሎኑ ግድግዳውን አልፎ በሌላው በኩል በብረት ሳህን መታሰር አለበት። ብረቱ ከ110 ኪሎ ያላነሰ ክብደት መሸከም፣ ከወለሉ ከ83 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር መሆን፣ ከግድግዳውም ወደ 4 ሴንቲ ሜትር መራቅ ይኖርበታል። ከዚያ ከጠበበ እጅ ሙሉ በሙሉ አይጨብጠውም፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ ክንድ ሾልኮ ገብቶ ሊሰበር ይችላል።

አሁን ወደሚያከራክረው እንምጣ፤ ማን ይጠቀምባት? አንዳንዱ ምልክቱን አይቶ ለማንም እንደማትፈቀድ ይቆጥራታል፤ አንዳንዱ ሰፊና ንጹሕ ስለሆነች ይመርጣታል። እኛ የምንለው ይህ ነው። ሌላ ክፍል ባዶ ከሆነ ወደዚያ ይገባል። ሌሎቹ ሁሉ ተይዘው፣ በአካባቢውም የሚያስፈልገው ሰው ከሌለ፣ መጠቀም ነውር የለውም፤ ቶሎ መውጣት ግን ግድ ነው። ሰልፍ ላይ ዊልቸር ወይም ክራንች ያለው ሰው ከመጣና ሰፊዋ ክፍል ከተለቀቀች፣ ከፊቱ አሥር ሰው ቢኖርም የእሱ ተራ ናት። ለሌሎቹ ብዙ ክፍል አለ፤ ለእሱ ያለው አንድ ነው። ስልክ ማውራት፣ ልብስ መቀየር፣ ሜካፕ መቀባትና ለሶላት ዉዱእ ማድረግ በሌላ ቦታ ይሁን።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። በብዙ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶቻችን ተራዎቹ ክፍሎች ቁጢጥ የሚባልባቸው ናቸው፤ ወንበር መሰል መቀመጫ ያለው በሰፊዋ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ ዳሌያቸውን ቀዶ ሕክምና የተደረጉ አባት፣ የመውለጃዋ ወር የደረሰ ነፍሰ ጡር ሌላ አማራጭ የላቸውም። ደግሞም በእግሩ ቆሞ እየሄደ የሚገባ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሰገራው በሆዱ ላይ በተገጠመ ከረጢት የሚወጣ ሰው ከረጢቱን ለመለወጥ የውኃ ቧንቧ፣ ዕቃ ማስቀመጫና ጊዜ ይፈልጋል። ፊስቱላ ታክማ ሽንት መቆጣጠር ገና ያልቻለች ሴትም እንዲሁ። እነዚህን ሰዎች በር ላይ አስቁሞ «አንተ ምን ሆነሃል? ምንም የለብህም እኮ!» ማለት በሽታቸውን በአደባባይ እንዲናገሩ ማስገደድ ነው። ጥበቃው ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ሰፊዋን ክፍል ይፈልጋሉ?» አዎ ካሉ ይግቡ።

ስለ መቆየትም መታወቅ ያለበት አለ። ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ሽንቱን የሚያስወጣው በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ በካቴተር (ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ነው። እጁ የዊልቸሩን ጎማ ሲገፋ ስለዋለ መጀመሪያ በሳሙና መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ኢንፌክሽን ይከተላል። መሻገር፣ ልብስ ማውለቅ፣ ካቴተር ማስገባት፣ ማጽዳት፣ መልበስና መመለስ ሲደመር ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አንዴ ማንኳኳት ይበቃል። እጀታውን መነቅነቅና መጮኽ ሰውየውን አያፋጥነውም፤ ሲጣደፍ ይወድቃል። በሌላ በኩል ውጭ ሆኖ የሚጠብቀውም ሰው ጊዜ የለውም። ጉዳቱ በደረቱ መካከል አካባቢ ወይም ከዚያ ከፍ ባለ ቦታ የሆነ ሰው ፊኛው ከመጠን በላይ ሲሞላ የደም ግፊቱ በድንገት አደገኛ ወደሆነ ደረጃ ሊወጣ ይችላል፤ ራሱን ይመታዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያልበዋል። ይህ ድንገተኛ የሕክምና ጉዳይ ነው። ከቤት ሲወጡ መጸዳጃ ቤት አላገኝም ብለው ውኃ መጠጣት የሚያቆሙም አሉ፤ የኩላሊት ጠጠርና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያተርፉት ከዚሁ ነው።

ቁልፍ ሌላው መከራ ነው። «ሰው እንዳያበላሻት» ተብላ ትቆለፍና ቁልፏ ጥበቃው ኪስ ይገባል። ጥበቃው ምሳ ሄዷል፤ ወይም ቁልፉ ሦስተኛ ፎቅ አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ቆሟል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ አለ፤ ክፍሎቹ የሚቆለፉት በአንድ ዓይነት ቁልፍ ሲሆን ቁልፉ የሚሸጠው ለራሳቸው ለተጠቃሚዎቹ ነው። መቆለፍ የግድ ከሆነ ቁልፉ በሚያስፈልገው ሰው እጅ ይሁን ማለት ነው። እንደዚያ ያለ ሥርዓት እስኪኖረን ድረስ በሥራ ሰዓት ክፍት ማድረግና በየሁለት ሰዓቱ ማጽዳት ይሻላል።

ረዳት የሚያስፈልገው ሰውም አለ። ባሏን የምትረዳ ሚስት ወንዶች ክፍል ውስጥ መግባት ታፍራለች፤ አባቱን የሚያግዝ ልጅ ችግር የለበትም፣ እናቱን ሲያመጣ ግን በር ላይ ይቀራል። አዲስ የሚሠራ ሕንፃ ሰፊዋን ክፍል ከወንዶችም ከሴቶችም ውጪ፣ በራሷ በር በኮሪደሩ በኩል ቢያደርጋት ይህ ሁሉ ይቀራል። በነባሩ ሕንፃ የጽዳት ሠራተኛዋ ለጥቂት ደቂቃ በሩ ላይ ቆማ ሰው እንድታስታግስ መጠየቅ ይቻላል። ረዳት ሳይኖር የመጣን ሰው ለማገዝ ሳይጠይቁ ዊልቸሩን መግፋት ወይም ክንዱን መያዝ ግን ሚዛኑን ያሳጣዋል። «ላግዝዎት?» ይባላል፤ «አይ» ካለ ይተዋል፤ «አዎ» ካለ እንዴት እንደሚታገዝ እሱ ይናገራል።

ለሕንፃ አስተዳዳሪዎች የመጨረሻ ነገር። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ የወደቀ ሰው በአካሉ ይዘጋውና ማንም ሊደርስለት አይችልም። መቀርቀሪያው በሳንቲም ከውጭ የሚከፈት ዓይነት ይሁን። የድንገተኛ ጥሪ ገመድ ካለ እስከ ወለሉ አካባቢ ይውረድ፤ ለጽዳት ሲባል ወደ ላይ አትቋጥሩት፣ የወደቀ ሰው አይደርስበትም። ገመድ ከሌለ የተረኛውን ጥበቃ ስልክ ቁጥር በሁለት ቦታ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ አንዱን ተቀምጦ በሚነበብ ከፍታ፣ ሌላውን ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ። ተረኛው በተለወጠ ቁጥርም ቁጥሩን ለውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአካል ተሐድሶና የሕንፃ ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ